ዐሥራ አራት ደቂቃ

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደወሉ በጠዋት፤
«ና እንጂ» አሉኝ፣ «ይኼ ኮምፒውተር ሊዳርገኝ ነው ለሞት።»
ካቻቢቴዬን በኪሴ፣ ብሩሼን በፌስታል፣
ከሽምብጥ በባጃጅ (ሾፌሩ ያፏጫል)፣
ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከዋርካ ሥር ካለች፣
«አቤቱታ ይጻፋል» የሚል ሰሌዳ ካንጠለጠለች
ቆርቆሮ ቤት ገባሁ።

ሁለት ወንድማማቾች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤
አንዱ መሬት ያያል፣ አንዱ በበሩ ሐይቁን ያያል።
ነገራቸው የጫት ማሳ ነው፣ ካባት የቀረ ድንበር፤
መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

ክዳኑን ልፈታ ብል ብሎኑ ዝጓል፤
የጣና እርጥበት ዝም ብሎ ብረት ይበላል።
በክረምት መብራት ባየ ቁጥር የሚሞት ያ ትንኝ፣
ሺህ ክንፉ ካቧራ ጋር ተላቁጦ፣
ማራገቢያው ውስጥ እንደ ባዘቶ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ።
ጠረግሁ፣ ነፋሁ፣ አስነጠሰኝ።
ሚሞሪውን ነቅዬ፣ ከልጃቸው ላጲስ ተውሼ
ወርቃማ ጥርሶቹን ፈተግሁ፣ ደግሜ መልሼ።
ፕሮሰሰሩ አናት ላይ እንደ በጋ ጭቃ የተሰነጠቀውን ቅባት
ፍቄ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ ጣልሁበት።

ቀጥሎ ውስጡን አየሁት።
ይኼ ማሽን ሲነቃ ብቻውን አይነቃም ለካ፤
አንዱን ሲጠሩት ሠላሳው ይነሣል በጫጫታ፣ በወከባ፦
ከተጣለ ስድስት ዓመት የሆነው የፕሪንተር አሽከር፣
ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የአየር ጠባይ ነጋሪ፣
ሁለት ጸረ ቫይረስ፣ አንዱ አንዱን ሌባ ነህ ባይ፣
ያልጠሯቸው ዕድርተኞች፣ ድንኳኑን የሞሉ።
«እናንተ ስትጠሩ ትመጣላችሁ» ብዬ
አንድ ባንድ አስወጣኋቸው።

ዲስኩ ግን ሞልቶ አፉ ድረስ ደርሷል።
«የአዱኛ አጥር መጨረሻ» ይላል አንዱ፣
«የአዱኛ አጥር እውነተኛው መጨረሻ» ይላል ሁለተኛው፣
ሦስተኛም አለ።
«የጓዴ በሬ ይጥፋ?» ብላቸው ዝም አሉ፤
«እሱስ ሞቷል፣ በሬውም ታርዷል፤
ግን ልጁ ቢመጣስ?» አሉ።
አላጠፋሁም። ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥሁ፣
ስያሜውን በእስክሪብቶ ፕላስተር ላይ ጽፌ ለጠፍሁ።

ደግሜ አስነሣሁት። አርባ ሰከንድ!
ኮራሁ፤ እልልታ ባይሆን «ጎሽ» ጠበቅሁ።
እሳቸው ግን አግዳሚውን ያያሉ።

«ዐሥራ አራት ደቂቃ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
«ሰው ደሙ ፈልቶ ይመጣል፣ ‹ቶሎ ጻፊልኝ› ይለኛል፤
‹ቆይ፣ ይነሣ› እለዋለሁ።
ይቀመጣል፤ ባላጋራውም ከጎኑ፣ ሌላ ወንበር የለኝም።
አምስት ደቂቃ ይገላመጣሉ።
በሰባተኛው አንዱ ያስላል።
በዐሥረኛው ‹እማማ እግሯ ተሻላት?› ይባባላሉ።
ባለፈው ሚያዝያ ብቻ አራት ክስ
እዚያ አግዳሚ ላይ ቀርቷል፤ ሳይከፍሉኝ ነው የሄዱት።»

«ታዲያ ለምን ጠሩኝ?»

«ቀለቤስ? ከማዶ ያለችው ልጅ ላፕቶፕ አላት፣
ሰውዬው ንዴቱ ሳይበርድ አትማ ትሰጠዋለች።»

መልስ አልነበረኝም። የምሸጠው ፍጥነት ነው፤
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚል ዋስትና አልሰጥም።

ታናሹ ተነሣ፦ «ደርሷል አይደል? ጻፊ እንግዲህ።»
ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም ትላለች።
ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉ፤
አነሡት።
«ወይ ጉዴ» አሉ፣ «ወረቀት አልቆብኛል፤
ከገበያው ጥግ ገዝቼ ልምጣ፣ ተጫወቱ።»
ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወጡ፣
በዘንባባው ጥላ ሥር፣ ባጃጁን ሁሉ በእጃቸው እየመለሱ፣
እግራቸውን የሚቆጥሩ ይመስል ቀስ እያሉ ሄዱ።

ካቻቢቴዬን ልሰበስብ ጎንበስ ስል
ጠረጴዛው ሥር አየሁት፤ ያልተከፈተ እሽግ ወረቀት፣
አምስት መቶ ቅጠል።
ታላቁ አሳለ።
በእግሬ ገፋ አድርጌ ወደ ጨለማው አስገባሁት።